ከ‹ዝጋው› በኋላ

የእኛ ሰፈር ልጆች የሞተ ሰው ሲጫወቱ አይጋደሙም፣ ዓይናቸውንም አይጨፍኑም። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና ‹‹ደህና ናችሁዝዝዝ? እኔ ደህና ነኝዝዝዝ›› ይላል። የቃሉን ጭራ እንደ ዝንብ ጥዝ ማሰኘት ነው ጨዋታው። ከዚያ አፉን ከፍቶ እንዳለ ድምፁን ድንገት ይቆርጠዋል። ቀድሞ የሳቀ ይሸነፋል። ሙታን እንዲያ እንደሚናገሩ ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ያውቃሉ። አንቆጣቸውም፤ እኛም የምንሰማው ያንኑ ነው።

እኔ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ደሴ ውስጥ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ይህ ጥሩምባ ነው። ሰው የጎረቤቱን መሞት የእጁ አንጓ ላይ ከምትበራው መብራት አስቀድሞ ይሰማል፤ ግን እኔ ወጥቼ ካልነፋሁ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። መብራቷ ብትዋሽስ ይላል። በዚህ ሥራ ምክንያት ያልገባሁበት ቤት፣ ያላዳመጥኩት ሟች የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከቆመው ሰው ግማሹ ጆሮው ላይ ሟች አለው። ሰላም ስትሉት ጣቱን ያነሳና ‹ቆይ፣ እናቴ ትጨርስ› ይላል። ይጠበቃል። ስትጨርስ ሰላምታው ካቆመበት ይቀጥላል።

የሟቾቻችን ድምፅ፣ በሕይወት ሳሉ የተቀዳው፣ የሚቀመጠው ጦሳ ተራራ ሥር ባለው የድምፅ ጎተራ ነው። ለየዕድሩ ተሰፍሮ የተሰጠ ቦታ አለ። ቦታው አይሰፋም፣ ሟቹ ግን ይበዛል። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትንሽ ቦታ እንዲበቃው ይቀጥናል። አያጥርም፣ ቃል አይወጣለትም፣ ይቀጥናል ብቻ። የማቅጠኛው ሳምንት የሚውለው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ድምፁ ከነሙላቱ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል፣ ሰኞ ጠዋት እንዲቀጥን ወደ ጎተራው ይላካል። የቀጠነ ድምፅ ተመልሶ አይወፍርም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

ከመቅጠኑ በፊት ደግሞ ይታጠባል። ይህ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን የዕድራችን ወግ ነው፤ እንኮራበታለን። ማቅጠን የተጀመረ ጊዜ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሰው ሳይታጠብ ሸኝተን አናውቅም አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ላይ የነበረ ኮቴ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ የመኪና ጩኸት ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል። የሚቀረው ሰውየው ብቻ ነው፣ ዙሪያው ጸጥ ብሎ። ሌሎች ዕድሮች ሳያጥቡ እንደነገሩ እንደሚልኩ ስንሰማ ከንፈራችንን መጠናል። የሌላ ዕድር ሟች ምን እንደሚመስል ግን ሰምተን አናውቅም፤ ከዕድር ውጭ ያለ ሰው ሟች ማዳመጥ ነውር ነው።

ናሆም ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አጥር ያገናኘን ጎረቤቴ። ሚስቱ ሀያት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሞተች ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ከእሷ የቀረለት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በአንድ ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲሆን እንዴት እንደተጋቡ ስትናገር የቀዳው። ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። ሀያት ታሪኩን ከመናገር ይልቅ ናሆምን ነው የምትናገረው። ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን ጫማውን አስጠርጎ ካልሲ መርሳቱን፣ አባቷ ፊት ሻይ መድፋቱን፣ ሻዩን ለመጥረግ ሲጎነበስ ራሱን ጠረጴዛ መምታቱን። በመጨረሻ ‹‹በል ዝጋው፣ በቃ›› ትላለች።

ናሆም ግን አልዘጋውም። የዘጋ መስሎ አስቀመጠው።

ከ‹ዝጋው› በኋላ ያለውን የሰማን ሰዎች ጥቂት ነበርን። እኔን ያሰማኝ አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ሀያት ቁልፍ እየሰፋች ታንጎራጉራለች፤ ቃል የሌለው ዜማ፣ ለራሷ፣ አፏ ውስጥ። ብዙ ትቆያለች። ከዚያ ከዝናቡ ሥር፣ ዝቅ ብላ፣ ‹‹በርዶሃል አይደል? ና፣ ጠጋ በል›› ትለዋለች። ሰው እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚናገረው የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ሲያውቅ ነው። ናሆም ካልሲውንም ሻዩንም ዘሎ በየቀኑ የሚያዳምጠው ይችን ነው። ሌላው የልጆቹ ነው፣ ይቺ የኔ ናት አለኝ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

ክረምቱ ሲወጣ ናሆም ከሰው መሸሽ ጀመረ። ዝቅ ብለው የሚናገሩ ሟቾች ሲቀጥኑ ምን እንደሚሆኑ ከእኔ ያላነሰ ያውቃል። ዕድሩ ሲሰበሰብ ሄዶ ሀያት ሳትቀጥን ትቆይልኝ አለ።

ሰብሳቢያችን ሙባረክ ነው፤ ነገር አዋቂ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ሁላችንም ሟች አለን፣ ለአንዷ ሰፊ ቦታ ብንተው ዘንድሮ ለሞቱት የት እናመጣለን አለው። እውነቱን ነበር። የራሱን እናት ካቻምና አቅጥኗል። የሙባረክ እናት በምርቃቷ የታወቀች ሴት ነበረች። ሠርግ ላይ ከፍ አድርጋ ትጀምርና እየቀነሰች እየቀነሰች ትሄዳለች፤ የመጨረሻውን ምርቃት ለመስማት ሙሽሮቹ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። ትልቁን የምትሰጠው እዚያ ላይ ነው ይባል ነበር። አሁን ሙባረክ ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ እጁን ዘርግቶ ያዳምጣታል። ምርቃቱ በደህና ይጀምራል፣ ይሻክራል፣ ጥዝ ይልና መሀል ላይ ይቆረጣል። ሙባረክ እጁን እንደዘረጋ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ራሱ ‹አሚን› ብሎ ይነሳል።

የዕድሩ ድምፅ አጣቢ ረድኤት ትባላለች። የምትሠራው ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ነጠላዋን ታደገድጋለች። የምትሠራው በጆሮዋና በጣቷ ስለሆነ ማደግደጉ ለምን ይሆን ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ሬሳ የሚያጥብ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለች። ድምፅ ከመላኩ በፊት ቤተሰብ ሄዶ ማዳመጥ ይፈቀድለታል። ናሆም ብቻዬን አልችልም ብሎ እኔን ይዞ ሄደ።

መጀመሪያ የታጠበውን አሰማችን። ሀያት ጥርት ብላ መጣች። እንጉርጉሮዋ ከመጥራቱ የተነሳ መርፌው ጨርቁን ሲበሳ ይሰማል። ደስ የሚለው መስሎኝ ዞር ስል የናሆም ፊት ጠቁሯል።

‹‹ዝናቡስ?›› አላት።

‹‹አጠብኩት፣ ጋሼ።››

ባዶ ቤት ውስጥ ያለች ትመስላለች አለ። ረድኤት አልተቀየመችም። ለሙከራ፣ ኋላ በሚጠፋ ቅጂ ላይ፣ አቅጥና ደግሞ አሰማችን። ካልሲው ደህና ነው፣ ሻዩም ደህና ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ሳቅን። ‹‹በል ዝጋው፣ በቃ።›› ከዚያ እንጉርጉሮው ጀመረ፣ ጀምሮም ሻከረ። ልስልሱ ዜማ ደረጃ ደረጃ ሠራ። ሀያት ዝቅ ባለች ቁጥር ጥዝታው ከእሷ ይበልጥ ጀመር። ‹በርዶሃል› የምትልበት ቦታ ስንደርስ አንድ ጊዜ ክርር አለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ ሰው ዝም ሲል እንደሚሆነው ዓይነት አይደለም፤ እስትንፋስም ቤትም የለበትም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው የሚጫወቱት እሱን ነው።

ናሆም ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

‹‹ረድኤትዬ፣ በር ዘጋሽባት›› አላት።

አንጀቷን በላው። ማስረዳት ጀመረች። የቀጠነ ድምፅ ያለው ጥቂት ደረጃ ነው፣ ከመጨረሻዋ ደረጃ በታች ያለ ሰው አይቆጠርም አለች። ዝናቡ ባይታጠብስ ኖሮ ብሎ ጠየቃት። እንዴት ይሆናል፣ ዝናብ እኮ እድፍ ነው አለችው።

‹‹ዝናቡማ እቤታችን ነበረ›› አላት።

ረድኤት ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ዝቅ ብላ፣ እጣቢውን አልደፋሁትም አለች። የሬሳ እጣቢ ሰው በማይረግጠው ቦታ ነው የሚደፋው። እሷም ከሟች ላይ ያጠበችውን ሁሉ፣ ድምፁ ጎተራ እስኪገባ ድረስ፣ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። እንደዚያ አድርጊ ያላት የለም።

የሀያትን ዝናብ አመጣች። ሳሳ አድርጋ የታጠበው ድምፅ ላይ ደረበችውና እንደገና አቀጠነችው።

‹‹በል ዝጋው፣ በቃ።›› ዝናቡ ሻካራ ነበር፣ አልዋሽም፤ በወንፊት የሚነፋ አሸዋ ይመስላል። ጥዝታው ግን የለም። ከዝናቡ ሥር ሀያት ታንጎራጉራለች። ዝቅ አለች፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች፣ ጆሮ ተከትሏት ወረደ፣ አልተቆረጠችም። ‹‹በርዶሃል አይደል? ና፣ ጠጋ በል።›› ናሆም ጠጋ እንዳሉት ሰው ተነስቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገ። ግድግዳው ዘንድ ምንም አልነበረም።

ረድኤት ደጋግማ አዳመጠችው። ስትማር ማጠብን እንጂ ይህን የነገራት አልነበረም፤ ራሷ እያሰበች ራሷ አስረዳችን። እኔ ጥሩምባ ከመያዜ በፊት ሰኞ ገበያ በርበሬ እሸጥ ስለነበር የገባኝ በሚዛን ነው። ያረጀ ሚዛን ዝጎ ይያዛል። አንድ ቁንጥር ብትጨምሩበት እንዳልሰማ ዝም ይላል። ሳህኑን በጣት መታ መታ ስታደርጉት ግን ይነቃና ያችን ቁንጥር ይቆጥራታል። ዝናቡ እንደዚያ ጣት ነው። ሀያትን ከመጨረሻዋ ደረጃ በታች ሲያገኛት እየነካካ ብቅ ያደርጋታል፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ብቅ ትላለች፤ ጆሮ መኖሯን ያውቃል።

ያን ቀን ከመጋዘኑ ስንወጣ ናሆም ከሰፈሩ ሰው ጋር ሁሉ እየቆመ ሰላም ይል ነበር። ጣጣው የመጣው እሑድ ነው።

የሚቀጥኑት ድምፆች ሊላኩ አንድ ቀን ሲቀር ዕድርተኛው አዳራሽ ይሰበሰብና የተሰናዱት ሟቾች ስም ይጠራል። ሀያት ስትጠራ ናሆም ተነስቶ፣ ከዝናቧ ጋር ነው የምልካት አለ። መጀመሪያ ሰው አልገባውም። ረድኤት ያደረገችውን ስትናገር አዳራሹ ታመሰ። ሳይታጠብ መላክ አንድ ነገር ነው። እጣቢውን መልሶ ሟች ላይ ማፍሰስ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ‹አስተግፊሩላህ› አለች፣ ሌላዋ አማተበች። ረድኤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሙባረክ ሁሉም ጸጥ እስኪል ጠበቀ። ደንቡን አስታወሰ። ሟቹን እንደ ወጉ ያላሰናዳ ሰው ከዕድሩ እንደሚወጣ ነግሮት፣ አስብበት አለው። ናሆም አስቤበታለሁ፣ እወጣለሁ አለ።

‹‹አንተን ማን ይሸኝሃል ታዲያ?›› አለው ሙባረክ። የተናገረው በቁጣ ሳይሆን እንደ ወንድም ነው።

‹‹እንጃ። እሷ ብቻ ትትረፍልኝ።››

ከዕድር ለወጣ ሰው ጥሩምባ አይነፋም። ናሆም ሲሞት በሩ ላይ ቆሜ ጥሩምባዬን ማቀፌ ታየኝ። ተነስቼ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነበር፤ ሙባረክ ቀደመኝ። ቀድሞ እንደዚያ ሲሆን አይተነው አናውቅም። ድምፁን ከፍ አደረገ።

‹‹ናሆም፣ ያንተ ነገር እውነት ከሆነ እኮ እናቴን የቆረጣት ጎተራው አይደለም። እኔ ነኝ። ቆሜ አጥቡልኝ ብዬ፣ አሳጥቤ።››

አዳራሹ ውስጥ ሟቹን ያሳጠበ እንጂ ያላሳጠበ አልነበረም። ሁሉም በሐሳቡ ወደየራሱ ሟች ሄደ። ያቺ አማትባ የነበረችው ሴት የልጇን ስም ስትጠራ ሰማኋት። የእኔም አባት አሉ፤ ሲስቁ መጨረሻ ላይ ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። የቀጠነው ሳቃቸው ላይ ያ ትንፋሽ የለም። ስለራቁ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ሁላችንም ስለራቁ ነው እያልን ነው የኖርነው።

ናሆም አልተከራከረም። ለረድኤት አሰሚያቸው አላት። ይቺ የኔ ናት ያላትን፣ ሰባት ዓመት ከጥቂት ሰው በስተቀር ያላሰማትን። አውቀዋለሁ፣ ከዕድር ከመውጣት ይልቅ የከበደው እሱ ነበር። ከዚያ ራሱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ረድኤት መጀመሪያ ታጥባ የቀጠነችውን አሰማች። የምናውቀው ነው፤ ጥዝ፣ ከዚያ ምንም። ቀጥላ ዝናብ የለበሰችውን አሰማች። ሀያት አንጎራጎረች። ዕድርተኛው በሙሉ፣ ያችን ሙሽሮች ጎንበስ የሚሉባትን ምርቃት እንደሚሰማ ሰው፣ ጎንበስ አለ። ‹‹ና፣ ጠጋ በል›› ስትል ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ፤ የባልና ሚስት በር ሳያውቅ የከፈተ ሰው እንደሚያደርገው። ናሆም አንገቱን ቀና አላደረገም።

ሙባረክ ወደ ፊት ወጣ። የሚፈርድ መስሎን ጠበቅነው።

‹‹ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ማጠቡ ልክ ነው›› አለ። ‹‹አጥቦ ራቁቱን የሚልክ ግን ማን አለ? ሙስሊሙ ይከፍናል፣ ክርስቲያኑ ይገንዛል። እኛ አጥበን አጥበን፣ ሳንገንዛቸው ነው የላክናቸው።››

ከዚያ በኋላ ድምፅ ይሰጥበት ያለ የለም። ሰኞ ጠዋት ሀያት ታጥባ፣ የገዛ ዝናቧን ተገንዛ ወደ ጎተራው ሄደች። ናሆምም ዕድርተኛ ሆኖ ቀረ። ከጎተራው በር ስንመለስ ስለ ካልሲው አንስቼ ቀለድኩበት፤ ረጅም ጊዜ ሳቀ።

ረድኤት አሁን ሁለት ሥራ አላት፣ ታጥባለች፣ ትገንዛለች። ክረምት ሲገባ ሰፈራችን መስኮቱን ይከፍታል። ሰው የቤቱን ዝናብ እየቀዳ ያስቀምጣል፤ ለማን ብሎ ግን አይናገርም። ሽማግሌ አባት ያለው ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጠብቆ ‹አባዬ እስኪ የድሮውን አጫውቱን› ይላል። አባትየው ነገሩ ይገባዋል፣ ያልገባው መስሎ ያወራል። ልጆቹም ጨዋታ ቀይረዋል። አንዱ ‹‹ሽሽሽ›› እያለ ከሥሩ አንድ ነገር ያንሾካሹካል፣ ሌላው ምን እንዳለ ማወቅ አለበት። ሙታን ሁልጊዜ የሚዘንብበት አገር የሚኖሩ ይመስላቸዋል።

በተከታዩ ክረምት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ ድንኳን ላወጣ መጋዘን ሄጄ ሙባረክን ረድኤት ዘንድ ተቀምጦ አገኘሁት። ልብሱ በስብሷል። የእናቱ እጣቢ ከተደፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ እናቱ ወደ ኖረችበት ቤት ሄዶ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆሞ፣ ዝናብ ቀድቶ መጥቷል። በእናቱ ድምፅ ላይ እንድትደርብለት ነው የፈለገው። ረድኤት መዋሸት አትችልም። የተቆረጠው አይመለስም፣ ዝናቡ ዝናብ ብቻ ነው የሚሆነው አለችው።

‹‹አውቃለሁ ልጄ›› አላት። ‹‹ትልበስ ብዬ ነው።››

ረድኤት ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን አደገደገች። ዝናቡን ሳሳ አድርጋ ደረበችላት። ምርቃቱ ጀመረ፣ ሻከረ፣ በዚያው በለመድነው ቦታ ተቆረጠ፤ ዝናቡ ግን ቀጠለ። ሙባረክ እጁን ዘርግቶ ነበር። እስኪያባራ ድረስ አልሰበሰበውም።